ጥቁርና ነጭ ፊልም ቤት ውስጥ በቡና እንዴት ይታጠባል? ደረጃ በደረጃ

«እውነት ፊልም በቡና ይታጠባል?» ብለው የሚጠይቁኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። አዎ፣ ይታጠባል። ትንሽ ቆይተው ተመልሰው ይመጡና ደግሞ «ሞክሬው ነበር፣ ፊልሙ ባዶ ወጣብኝ። ምን አጠፋሁ?» ይሉኛል። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ፣ እኔ የምሠራበትን መንገድ ከነምክንያቱ እዚህ ላስቀምጠው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንግባባ። እኛ «ፊልም ማጠብ» እንላለን። ልብስ ሲታጠብ ያለው ቆሻሻ ይለቃል። ፊልም ላይ ግን ዋናው ሥራ ማስለቀቅ አይደለም፣ ማሳደግ ነው። የሚያድገው ደግሞ ብር ነው፤ መስቀልና የአንገት ሐብል የሚሠራበት ያው ብር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፊልሙ አንደኛው ገጽ በስስ ጄላቲን ተሸፍኗል። ጄላቲኑ ውስጥ በዓይን የማይታዩ የሲልቨር ብሮማይድ ክሪስታሎች ተበትነዋል። ፎቶ ስታነሡ ብርሃን ያረፈበት ክሪስታል ላይ ጥቂት የብር አቶሞች አንድ ቦታ ይሰባሰባሉ። አራት አምስት ከሆኑ ይበቃል። ክሪስታሉ ውስጥ ግን ብር ለመሆን የሚጠብቁ በቢሊዮን የሚቆጠሩ የብር አዮኖች አሉ። ዴቨሎፐሩ፣ ማለትም ምስሉን የሚያሳድገው ፈሳሽ (እዚህ የቡናው ድብልቅ)፣ ያቺን ትንሽ የብር ዘር አግኝቶ ክሪስታሉን በሙሉ ወደ ብር ይለውጠዋል። ብርሃን ያልነካው ክሪስታል ዘር ስለሌለው ባለበት ይቆያል። ስለዚህ «ስንት ደቂቃ?»፣ «ስንት ዲግሪ?»፣ «ምን ያህል ልነቅንቀው?» የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ አንድ ናቸው፤ ብሩ ምን ያህል ይደግ፣ መቼስ ይቁም?

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ልኩ ለ 500 ሚሊ ሊትር ነው። አንድ ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ለሚይዝ ታንክ ይተርፋል።

- የሚሟሟ ቡና፣ ብዙ ሰው በደፈናው ኔስካፌ የሚለው፦ 20 ግራም
- ውሃ የሌለው ሶዲየም ካርቦኔት፣ ማለትም ዋሺንግ ሶዳ ወይም ሶዳ አሽ፦ 27 ግራም
- ንጹሕ የቪታሚን ሲ ዱቄት፦ 8 ግራም
- ፊልሙ 400 አይኤስኦ ከሆነ (አይኤስኦ ፊልሙ ለብርሃን ምን ያህል ንቁ እንደሆነ የሚነግር ቁጥር ነው) ፖታሲየም ብሮማይድ፦ 0.5 ግራም
- ፊክሰር፣ ማለትም ያላደገውን ሲልቨር ብሮማይድ ከፊልሙ የሚያወጣው ኬሚካል፦ ፈሳሹ ፈጣን ፊክሰር፣ ወይም ክሪስታሉ ሃይፖ (ሶዲየም ታዮሰልፌት)
- ክዳኑ ብርሃን የማያስገባ የፊልም ማጠቢያ ታንክ ከነሪሉ (ፊልሙ የሚጠቀለልበት መዘውር)
- ግራም የሚለካ ሚዛን፣ ቢቻል እስከ 0.1 ግራም የሚያነብ
- 20 ዲግሪን የሚያነብ ቴርሞሜትር
- መቀስ፣ የጠርሙስ መክፈቻ፣ ሰዓት፣ የልብስ መቆንጠጫ
- የላስቲክ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር

በማንኪያ አትለኩ። የአንዱ ቡና ዱቄት ደቃቅ ነው፣ የሌላው ቅንጣቱ ትልልቅ ነው። አንድ ማንኪያ ከሌላው ማንኪያ እጥፍ ሊመዝን ይችላል። የትኩሳት መለኪያም አይሆንም። እሱ የሚያነበው የሰው ሰውነት ሙቀት አካባቢ ያለውን ብቻ ነው።

ከዕቃዎቹ ሦስቱ ላይ ብዙ ሰው ስለሚሳሳት በዝርዝር ልንገራችሁ።

*ቡናው።* የሚሠራው ካፌይኑ አይደለም፤ ካፌይን የወጣለት ቡናም ፊልም ያጥባል። ሥራው የካፌይክ አሲድና የዘመዶቹ ነው። እነዚህ ኤሌክትሮን ይሰጣሉ፣ የብር አዮኑ ኤሌክትሮኑን ተቀብሎ ብር ይሆናል። ሮቡስታ ውስጥ እንዲህ ያሉ ውህዶች ከአረቢካ ይበልጣሉ። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ርካሹ የሚሟሟ ቡና ከውዱ ይሻላል። «የጀበና ቡና አይሆንም ወይ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ፊልሙ ላይ ምስል ሊያወጣ ይችላል። ነገር ግን የዛሬው ጀበናና የነገው እኩል አይወፍሩም። ልኩ ካልታወቀ ሰዓቱም አይታወቅም። የጀበናውን ጠጡት፣ ፊልሙን በሚሟሟው እጠቡት።

*ሶዳው።* ከሁሉም ነገር በላይ ሰው የሚከስረው እዚህ ጋ ነው። ዋሺንግ ሶዳና ቤኪንግ ሶዳ አንድ አይደሉም። ቤኪንግ ሶዳ ለዳቦ የሚሆነው ሶዲየም ባይካርቦኔት ነው፤ አልካሊነቱ ደካማ ነው። ቡናውና ቪታሚን ሲው ኤሌክትሮን የሚለቁት ውሃው በደንብ አልካሊ ሲሆን ነው፣ ፒኤቹ (የአሲድና የአልካሊ መለኪያው) ወደ 10 ሲጠጋ ማለት ነው። እኔም አንድ ጊዜ ባለማስተዋል በቤኪንግ ሶዳ ሠራሁና 15 ደቂቃ ሙሉ ታንክ ስገለብጥ ቆይቼ ያወጣሁት እንደ ላስቲክ የጠራ ፊልም ነው። ፋብሪካው የፊልሙ ዳር ላይ በብርሃን የሚያትማቸው ቁጥሮች እንኳ አልወጡም ነበር። እዚያ ፊልም ላይ የነበሩት ፎቶዎች ዳግም አይገኙም። የልብስ ማጠቢያ ዱቄትም አታድርጉ፣ ብዙ ሌላ ነገር ስላለበት።

ዋሺንግ ሶዳ ካጣችሁ ከቤኪንግ ሶዳ መሥራት ትችላላችሁ። 100 ግራም መዝናችሁ በደረቅ ትሪ ላይ በስሱ ዘርጉትና 200 ዲግሪ በሞቀ ምድጃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል አቆዩት። ሲሞቅ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ሲቀዘቅዝ መልሳችሁ መዝኑ። ወደ 63 ግራም ከወረደ ሥራው አልቋል። 80 ግራም ላይ ከቆመ ገና ነው፣ መልሱት። ይህ ሚዛን ከማንኛውም የዕቃ ጽሑፍ በላይ የሚታመን ነው።

*ቪታሚን ሲው።* ንጹሕ አስኮርቢክ አሲድ መሆን አለበት። ፋርማሲ ውስጥ የሚሸጠው ብርቱካን ብርቱካን የሚለው፣ ውሃ ውስጥ የሚንጫጫው ኪኒን ስኳርና ሌላ አሲድ ስላለበት ልኩን ያበላሻል። ቡናው ብቻውን ቀርፋፋ ነው። ቪታሚን ሲ ሲጨመርበት ሁለቱ ይረዳዳሉና ሥራው ይፈጥናል።

ደረጃ 1፦ ፊልም መጠቅለልን በብርሃን ተለማመዱ

ጊዜው ያለፈበት ወይም የተበላሸ ፊልም ፈልጉና ሪሉ ላይ እያያችሁ አምስት ጊዜ ጠቅልሉት። ቀጥሎ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አምስት ጊዜ። ይህን የሚዘል ሰው ጨለማ ውስጥ ይጨነቃል፣ እጁ ያልበዋል፣ ፊልሙም ይጣበቅበታል። ሪሉ ደረቅ መሆን አለበት። ጠብታ ውሃ ካለበት ጄላቲኑ ወዲያው ያብጥና ፊልሙ መሄዱን ያቆማል።

ደረጃ 2፦ በሙሉ ጨለማ ታንኩ ውስጥ አስገቡ

ቀይ መብራት አይፈቀድም። ቀይ መብራት ለወረቀት ነው እንጂ፣ የዛሬ ጥቁርና ነጭ ፊልም አብዛኛው ቀይንም ያያል። መስኮት የሌለው ክፍል ምረጡ፣ ሥራውን ማታ አድርጉት፣ የበሩን ሥር በጋቢ ወይም በፎጣ ድፈኑ። ስልካችሁን ከክፍሉ አውጡ፣ የሚያበራ ሰዓትም ፍቱ። መብራት አጥፍታችሁ አምስት ደቂቃ ቁሙ። የገዛ እጃችሁ ጥላ የሚታያችሁ ከሆነ ክፍሉ ገና አልጨለመም።

የፊልሙን ጥቅል በጠርሙስ መክፈቻ ክፈቱ። ጫፉን ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡና ሁለቱን ማዕዘኖች ትንሽ ትንሽ ቀንሱላቸው፤ እንዲህ ሲሆን ሪሉ ላይ አይደናቀፍም። ዳርና ዳሩን ብቻ ያዙ። እንቢ ሲል አትግፉት። ፊልሙ ሲታጠፍ ግፊቱ ራሱ ክሪስታሉ ላይ እንደ ብርሃን ምልክት ይተዋል፣ ሲታጠብ የጨረቃ ቅርጽ ሆኖ ይወጣል። ጠቅልላችሁ ስትጨርሱ ታንኩ ውስጥ አስገቡና ክዳኑን እስኪቆልፍ አጥብቁ። ከዚህ በኋላ መብራት ማብራት ይቻላል።

ደረጃ 3፦ ፊክሰሩን አስቀድማችሁ አዘጋጁ

የቡናው ድብልቅ ዕድሜው አጭር ስለሆነ ፊክሰሩ ቀድሞ ይጠብቀው። ፈሳሽ ከሆነ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ አቅጥኑት። ሃይፖ ከሆነ 125 ግራሙን ሞቅ ባለ ውሃ አሟሙና እስከ 500 ሚሊ ሊትር ሙሉት። ሃይፖ ሲሟሟ ሙቀት ይስባል። ዕቃውን በእጃችሁ ከያዛችሁት ሲቀዘቅዝ ይታወቃችኋል፣ ሞቅ ያለ ውሃ ያልኩትም ለዚህ ነው።

ከመቀጠላችሁ በፊት ፊክሰሩን ፈትኑ። ስትጠቀልሉ የተረፈችውን የፊልም ቁራጭ ፊክሰሩ ውስጥ ጣሏትና ሰዓት ያዙ። ወተት የመሰለው ገጽታ ሙሉ በሙሉ እስኪጠራ የወሰደውን ጊዜ መዝግቡ። የፊልማችሁ የፊክሰር ጊዜ የዚያ እጥፍ ነው። በጣም እየቆየ ከመጣ ፊክሰሩ ደክሟል፣ ቀይሩት።

ደረጃ 4፦ የቡናውን ድብልቅ በቅደም ተከተል አዋሕዱ

ጓንትና መነጽር አድርጉ። 400 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ላይ፦

ሶዳውን ጨምሩና እስኪጠራ አማስሉ። ዱቄቱን በጥቂት በጥቂቱ ካልነሰነሳችሁት እንደ ድንጋይ ይረጋል። ቀጥሎ ቪታሚን ሲውን ጨምሩ። አሲድና አልካሊ ሲገናኙ ይንተከተካል፣ ስለዚህ ዕቃው ሰፊ ይሁን። ብሮማይድ የምትጠቀሙ ከሆነ አሁን ጨምሩት። ቡናው መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ እስከ 500 ሚሊ ሊትር ሙሉትና አረፋው እስኪበርድ አምስት ደቂቃ ተዉት። ሽታው ደስ አይልም፣ መስኮት ክፈቱ።

ብሮማይዱ ለምን? 400 አይኤስኦ ፊልም ቶሎ የሚነቃ ነው። ጠንከር ያለ ድብልቅ ሲያገኝ ብርሃን ያላየው ክሪስታልም ያለ ዘር ማደግ ይጀምርና ፊልሙ በሙሉ ግራጫ ይለብሳል። ብሮማይድ ይህን ይይዘዋል። 100 አይኤስኦና ከዚያ በታች ለሆነ ፊልም አያስፈልግም። ብሮማይድ ካልተገኘ አዮዲን ያለው የገበታ ጨው 5 ግራም ይሞከራል፣ ውጤቱ ግን እንደ ብሮማይድ አይረጋም።

ድብልቁን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተጠቀሙበት። ቪታሚን ሲው ከአየር ኦክስጅን ጋር እየተቃጠለ ኃይሉን ያጣል። አሳድራችሁ አትጠቀሙ።

ደረጃ 5፦ ሙቀቱን 20 ዲግሪ ላይ አድርሱ

ዕቃውን ሙቅ ወይም ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጡና ቴርሞሜትሩን ተከታተሉ። ሙቀት ሲጨምር ብሩ የሚያድግበት ፍጥነትም ይጨምራል። በ 24 ዲግሪ ጊዜው ወደ 30 በመቶ ያህል ይቀንሳል። አዲስ አበባ በክረምት የቧንቧ ውሃ ቀዝቃዛ ነው፣ ሞቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ድሬዳዋ ወይም ባሕረ ሰላጤው አገር ያላችሁ ደግሞ በረዶ በፌስታል ቋጥራችሁ ሳፋው ውስጥ ጨምሩ፤ በረዶውን ድብልቁ ውስጥ አትጨምሩ፣ ያቀጥነዋል። የፊክሰሩና የማለቅለቂያው ውሃም ከዚሁ ብዙ አይራቅ።

ደረጃ 6፦ አፍስሱ፣ ገልብጡ፣ ሰዓት ያዙ

ክዳኑን ሳትከፍቱ ድብልቁን በማፍሰሻ ቀዳዳው በፍጥነት አፍስሱና ሰዓቱን አስጀምሩ። ጊዜው በ 20 ዲግሪ 15 ደቂቃ ነው። የመጀመሪያዎቹን 30 ሰከንዶች ታንኩን ሳታቆሙ ቀስ ብላችሁ ገልብጡት። ከዚያ በየደቂቃው ሦስት ጊዜ። ከእያንዳንዱ መገልበጥ በኋላ የታንኩን ቂጥ ጠረጴዛ ላይ መታ መታ አድርጉ። ፊልሙ ላይ የተጣበቀ አረፋ ካለ ይለቃል፤ ካልለቀቀ እዚያ ቦታ ብር አያድግምና ክብ ጠባሳ ይቀራል።

አሁን ታንኩ ውስጥ የሚሆነውን አስቡት። ዴቨሎፐሩ ዘሯን ነክቶ ኤሌክትሮን ይሰጣታል። ከክሪስታሉ የብር አዮን ይመጣና እዚያው ብር ይሆናል፣ ዘሯም ትተልቃለች። ስትተልቅ ኤሌክትሮን የምትቀበልበት ገጽ ይሰፋል፣ እድገቱም ይፈጥናል። ብሩ የሚያድገው እንደ ድንጋይ ተድቦልቡሎ አይደለም። በቀጫጭን ክር መልክ ወጥቶ እርስ በርሱ ይጠላለፋል። በኃይለኛ ማይክሮስኮፕ ቢታይ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ይመስላል። ብር አብረቅራቂ ሆኖ ሳለ ነጌቲቩ (ታጥቦ የወጣው፣ ብርሃንና ጨለማው የተገላበጠበት ፊልም) ላይ ጥቁር የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ ክሩ መሃል የገባ ብርሃን ተመልሶ አይወጣም።

ብሩ ሲያድግ ደግሞ ብሮማይድ ይለቃል። ይህ ብሮማይድ ክሪስታሉ ዙሪያ ከተጠራቀመ እድገቱን ያንቀዋል። መገልበጥ ያስፈለገው ለዚህ ነው፣ የደከመው ፈሳሽ ይሄድና ትኩሱ ይተካዋል። ጨርሶ የማይገለብጥ ሰው ከፊልሙ ቀዳዳዎች ተነሥተው የሚወርዱ መስመሮች ያገኛል። ያለ ማቋረጥ የሚነቀንቅም ነጩን ነጭ፣ ጥቁሩን ጥቁር አድርጎ መሃሉን ያጣል። በየደቂቃው ሦስት፣ አይብዛ አይነስ።

ደረጃ 7፦ እድገቱን በውሃ አስቁሙ

15 ደቂቃ ሲሞላ ድብልቁን ድፉት። ውሃ ሞልታችሁ፣ ገልብጣችሁ ድፉ። ውሃው የቡና ቀለም መልቀቁን እስኪያቆም ስድስት ሰባት ጊዜ ደጋግሙ። በሌላ ዴቨሎፐር ሲሆን እዚህ ላይ ቀላል አሲድ ይደረጋል። ጄላቲኑ ውስጥ ሶዳ ሞልቶ ባለበት ኮምጣጤ ብታፈሱ ግን ጋዝ ይፈጠርና ስሱን ሽፋን ሊበሳው ይችላል። ውሃ ይበቃል።

በዚህ ደረጃ አትቸኩሉ። ዴቨሎፐርና ፊክሰር ፊልሙ ውስጥ ሲገናኙ ፊክሰሩ ያሟሟውን ብር ዴቨሎፐሩ መልሶ በየቦታው ያረጋዋል። የሚረጋው ብር እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ጥቁር አይመስልም። ከላይ ሲታይ ቢጫ ወይም አረንጓዴ፣ ወደ ብርሃን ሲያዙት ቀላ ያለ ጭጋግ ሆኖ ይታያል። የብር ቅንጣት ቀለሙ በመጠኑ ይወሰናልና።

ደረጃ 8፦ ፊክሰር

ፊክሰሩን አፍስሱና በሙከራው ባገኛችሁት እጥፍ ጊዜ አቆዩት፣ በየደቂቃው እየገለበጣችሁ። ፈጣኑ ፊክሰር ከ 3 እስከ 5 ደቂቃ፣ ሃይፖ ወደ 10 ደቂቃ ይወስዳል። ያላደገው ሲልቨር ብሮማይድ ውሃ ውስጥ አይሟሟም። ፊክሰሩ ከብሩ ጋር ተያይዞ የሚሟሟ ነገር ያደርገውና ይዞት ይወጣል። ካልወጣ ነጌቲቩ በቀን ብርሃን ውስጥ እየጠቆረ ይሄዳል። ሰዓታት ማቆየትም ጥሩ አይደለም፣ በተለይ ፈጣኑ ፊክሰር ስስ የሆነውን ብር መብላት ይጀምራል።

አሁን ክዳኑን መክፈት ይቻላል። ፊልሙ ቡናማ ነገር ቢለብስ አትደንግጡ፣ የቡናው ቀለም ነው። ፎቶውን አይጎዳም።

ደረጃ 9፦ ማለቅለቅና ማድረቅ

ውሃ ሞልታችሁ 5 ጊዜ ገልብጡና ድፉ። አዲስ ውሃ ሙሉና 10 ጊዜ። እንደገና አዲስ ውሃ፣ 20 ጊዜ። ውሃ ይቆጥባል፣ ፊክሰሩንም በደንብ ያወጣል። የመጨረሻው መንከር በዲስትልድ ውሃ ቢሆን ጥሩ ነው፤ የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ነጭ ጠብታ ይተዋል። ለባትሪ የሚሸጠውን የምትገዙ ከሆነ ውሃው መሆኑን አረጋግጡ፣ የባትሪ አሲድም እዚያው አጠገቡ ይሸጣል።

አቧራ በሌለበት፣ ለምሳሌ መታጠቢያ ቤት፣ ከላይም ከታችም መቆንጠጫ አድርጋችሁ ስቀሉት። በጨርቅ አትጥረጉት። እርጥብ ጄላቲን በጥፍር ይላጣል። ሁለት ሦስት ሰዓት ይበቃዋል።

ጥንቃቄ

ሶዳው ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ከገባ ብዙ ውሃ አፍስሱበትና ሐኪም ጋ ሂዱ። ድብልቁ ቡና ቡና ቢሸትም አይጠጣም። የምትሠሩበት ዕቃ ዳግም ለምግብ አይዋል፣ ልጆችም እንዳይደርሱበት።

ፊክሰርና በረኪና በፍጹም አይገናኙ፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። አሞኒያም አትቀላቅሉበት።

ያገለገለ ፊክሰር ውስጥ ብር አለ። ለአሣና ለውሃ ውስጥ ነፍሳት መርዝ ነውና ወንዝ፣ ጓሮ ወይም ቦይ ውስጥ አይደፋ። በጀሪካን አጠራቅሙትና ላዩ ላይ ምን እንደሆነ ጻፉበት። ፊልም የሚያጥብ ፎቶ ቤት ወይም የኤክስሬይ ክፍል ይቀበል እንደሆነ ጠይቁ።

የቀለም ፊልም በዚህ አትጠቡ። ቀለሙ አይወጣም፣ ዳግም የማውጣት ዕድሉም ያልቃል። የሠርግና የቤተሰብ ፊልማችሁንም የመጀመሪያ ሙከራ አታድርጉት።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስሕተቶች

*ፊልሙ ባዶ ነው፣ የዳር ቁጥሮችም የሉም።* ዴቨሎፐሩ አልሠራም። ሶዳው ቤኪንግ ሶዳ ነበር፣ ወይም ፊክሰሩ ቀድሞ ገብቷል።

*ፊልሙ ባዶ ነው፣ የዳር ቁጥሮች ግን ጥቁር ሆነው ወጥተዋል።* እጥበቱ ደህና ነው። ችግሩ ካሜራው ጋ ነው፣ ፊልሙ አልዞረም ወይም ሻተሩ (ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መዝጊያ) አልተከፈተም። ፊልም ባዶ በወጣ ቁጥር ቡናውን ከመውቀሳችሁ በፊት የዳር ቁጥሮቹን እዩ።

*ፊልሙ በሙሉ፣ ዳሩም ጭምር ጥቁር ነው።* ብርሃን ገብቶበታል። ክፍሉን ወይም የታንኩን ክዳን መርምሩ።

*ምስሉ ሳሳ ያለ ነው።* ብሩ አድጎ አልጨረሰም። ሙቀቱን ፈትሹ፣ ድብልቁ ቆይቶ እንደሆነ አስታውሱ። ሁሉም ደህና ከሆነ በሚቀጥለው 2 ደቂቃ ጨምሩ። ሰማዩና ነጭ ልብሱ ጥቅጥቅ ብለው ዝርዝራቸው ከጠፋ ደግሞ 2 ደቂቃ ቀንሱ።

*ፊልሙ ወተት ይመስላል።* ፊክሰሩ አልጨረሰም። ትኩስ ፊክሰር ውስጥ መልሱት፣ ይድናል።

*ወጥ ያልሆነ ደመና ደመና አለው።* ድብልቁ ሲፈስ ዘግይቷል፣ ወይም መጀመሪያ ላይ ያለው 30 ሰከንድ ተዘሏል፣ ወይም ፊልሙን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ፈሳሽ አልነበረም። ታንኩ ሥር የተጻፈውን የሚሊ ሊትር ልክ አንብቡና ሁልጊዜ ከዚያ ትንሽ አስበልጡ።